ፍሬን ነውር የሆነበት ቁልቁለት

ከባርታንግ ወንዝ በላይ ባለችው በዋርዲች መንደር ሹፌር የሚመዘነው ሽቅብ ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ሽቅቡንማ ጉልበት ያለው ሞተር ሁሉ ይወጣዋል። ቁልቁለቱ ግን ከመንደሩ ጫፍ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወንዙ ዳር እስካለው ምንጭ ድረስ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር ነው። ምንጩ ጋ መኪናው ይቆማል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ሰው ጎንበስ ይልና መዳፉን የፊት ጎማው ቸርኬ ላይ ያሳርፋል። ቸርኬው ቀዝቃዛ ከሆነ ሹፌሩ መኪናውን በማርሽ ይዞ፣ ክብደቱን ለሞተሩ ሰጥቶ ወርዷል ማለት ነው። እጅ ካቃጠለ ግን ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ልጁን ይዞ ከእሱ ጋር የሚሳፈር አይገኝም።

ቃዳምሾ ዕድሜውን ሙሉ በአሮጌ ዋዝ ጂፑ ሲወርድ የማንንም እጅ አቃጥሎ አያውቅም። ባለፈው የበረዶ ወራት ግን ናዳ ወርዶ ግራ ጉልበቱን ሰበረው። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ፍሪሲዮን መርገጥ በማይችል እግር ዋዝ አይነዳም። ዋዟን ለታችኛው መንደር ሰው ሰጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ድምፁን ሰምቶ ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ለራሱ ያወራል።

ልጁ ዛርኒጎር ከፕራግ የመጣችው ያኔ ነው። አባቷን አይታ ልትመለስ አስባ ነበር፤ ዓመት ሊሞላት ነው። ጠዋት ለመሄድ የቆረጠች ማታ ትቀራለች። ሻንጣዋ ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ እንደታሰረ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንድ ቀን ከተማ ወርዳ አንድ ያገለገለ የጃፓን መኪና ይዛ መጣች። ኦቶማቲክ ነው፤ ሁለት መርገጫ ብቻ፣ ሁለቱም ለቀኝ እግር።

"ሦስተኛው የታለ?" አለ ቃዳምሾ አንገቱን አስግጎ እያየ።

"የለውም፣ አባዬ። ማርሹን ራሱ ይቀይራል።"

"ታዲያ እኔ ምን ልሠራ እቀመጣለሁ?"

"መሪውን ትይዛለሃ።"

"መሪውንማ ፍየልም ትይዘዋለች።"

እንዲህ ይበል እንጂ ከሰዓት በኋላ ማንም አላየኝም ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ዛርኒጎር በመስኮት አየችውና ዘወር አለች።

በገበያ ቀን ጎረቤቶች ሞልተው ተሳፈሩ። በዕድሜ ትልቋ እትዬ ኖዝቤጊም ነበሩ፤ ምላሳቸው መንደሩን ሁሉ ያስተካከለ አሮጊት። መኪናዋ ቁልቁለቱን እንደጀመረች ፍጥነት ጨመረች። ቃዳምሾ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ማርሹ ይዞ መጎተት ሲገባው፣ ጭራሽ ወደ ቀላሉ ማርሽ ራሱ ተሻግሮ ለቀቃት። ቃዳምሾ ፊቱ አልተለወጠም። ወሬውም አልተቋረጠም፤ ተሳፋሪው ምንም አልተሰማውም። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ግን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተ። እትዬ ኖዝቤጊም መዳፋቸውን አሳረፉና ወዲያው አነሱት። ከዚያ እጃቸውን ምንጩ ውስጥ ነከሩ። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ የተሳፈረ ሰው የለም። ቃዳምሾ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"ሽጪው።"

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባዶውን እንሞክር። የማርሹን ዘንግ ወደ መጨረሻው ብታወርደው ከአንደኛ ማርሽ አያልፍም። ይቺ ከጎኑ ያለችው ትንሿ ዘንግ ደግሞ መኪናውን ይበልጥ ታዘገየዋለች።"

"እና እስካሁን የት ነበርሽ?"

"ስነግርህ ስለ ፍየል ታወራ ነበር።"

ሊስቅ ፈልጎ ተወው። የድንች ጆንያ ጫኑና ወጡ። ጠባቡ ጥምዝ ላይ አንድ ሰው ወርዶ፣ ለጎማ ማገጃ የሚሆን ድንጋይ ይዞ ከኋላ መከተል የአገሩ ልማድ ነው፤ ዛርኒጎር ድንጋይዋን ታቅፋ ወረደች። መኪናዋ አሁን ቀስ ብላ፣ ሞተሯ እያጉረመረመ ነው የምትሄደው። ዛርኒጎር ደስ አላት። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። የኋላው ቀይ መብራት በርቷል። ጥምዙን አለፈ፣ በርቷል። ሜዳ ቢጤው ላይ ደረሰ፣ አሁንም በርቷል።

ያኔ ገባት። ለዋርዲች ሹፌር ፍሬን ሲይዝ መታየት ውርደት ነው። አባቷ ማንም እንዳያውቅበት ፍሬኑን በእግሩ ጣት ጫፍ ያህል፣ ሳይለቅ፣ ከላይ እስከ ታች እያሻሸ ነበር የወረደው። የዋዟ የፍሬን መብራት ከተበላሸ ዘመናት ስላለፉት፣ ከኋላ የሚያሳብቅ ነገር መኖሩን እንኳ ረስቶታል።

ምንጩ ጋ ቸርኬውን ነካች። ያቃጥላል። እንዴት ተብሎ ለአባት እንደሚነገር አሰበች፤ ዘዴ አጣችና እንዲሁ ተናገረችው።

"አባዬ፣ የፍሬንህ መብራት አንዴም አልጠፋም።"

"የምን መብራት?"

"የኋላው። ፍሬን ስትነካ ይበራል።"

ቃዳምሾ ወደ ወንዙ ዞረ። ጆሮው ቀላ።

"በዋዟ ጊዜ እንዲህ አልነበርኩም" አለ። "እሷ አንደኛ ማርሽ ላይ ስትገባ በገመድ እንደታሰረች ነበረች። ይቺ ግን ላብ ያለው እጅ እንደያዛት ሁሉ ሙልጭ ሙልጭ ትላለች። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።"

"ልክ ነህ። ዋዟ ላይ ሞተሩና ጎማው በብረት ነው የተያያዙት። እዚህ መሃላቸው ዘይት ነው ያለው፤ ስለዚህ ሞተሩ ያን ያህል አይዛትም። የቀረውን ፍሬኑ ነው የሚሠራው።"

"ፍሬን!" አለ፣ የሰው ስም የጠራ ይመስል።

"ግን ስትይዝ ጠበቅ አድርገህ፣ መኪናዋ ቀነስ ስትል ደግሞ ጨርሰህ ልቀቀው። ይተንፍስ፣ ይቀዝቅዝ።"

"ጠበቅ ካደረግኩማ ሁሉም ወደ ፊት ይደፋል። ኖዝቤጊም ታውቃለች።"

"ይወቁ።"

"አንቺ ከሄድሽ በኋላ አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነኝ።"

"ማን እሄዳለሁ አለ?"

"መኪናውን የገዛሽልኝ እኮ እንዲቀልልሽ ነው፤ እንድትሄጂ። አልከፋኝም።"

ዛርኒጎር ውሸት ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ውሸት መሆኑን እርግጠኛ አልነበረችም። ያቀፈችውን ድንጋይ መንገዱ ዳር አስቀመጠችና ገብታ ተቀመጠች።

በገበያው ቀን የመንደሩ ሌላ መኪና ሞልቶ በማለዳ ሄዷል። የቀሩት ሰዎች ቃዳምሾን እያዩ ይቆማሉ እንጂ አይጠጉም። እትዬ ኖዝቤጊም ጉንጫቸውን በሻርፕ አስረው መጡ።

"ወድጄ እንዳይመስልህ" አሉት። "ጥርሴ ነው። ሞትና የጥርስ ሐኪም አንድ ናቸው፤ የፈለገው ይቅደም።"

"ግቢ።"

"ከኋላ በሩ አጠገብ አስቀምጠኝ፤ መዝለል ቢያስፈልግ።"

እሳቸው ሲገቡ ሌሎቹ ማፈር ጀመሩና ተከታትለው ገቡ። ዛርኒጎር ከፊት ተቀመጠች። ቃዳምሾ ትልቁንም ትንሹንም ዘንግ አስተካክሎ ቁልቁለቱን ጀመረ። የመጀመሪያው ጥምዝ ሲቃረብ እጁ መሪው ላይ ሲጠብቅ ዛርኒጎር አየች። ቀኝ እግሩ ፍሬኑን በስሱ ነካ አደረገ። ቆየ። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደና ጮኸ፤

"ፍሬን ልይዝ ነው!"

ያዘውም። የመኪናው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ። የእንቁላል ቅርጫት የያዘ ሰው ፈጣሪውን ጠራ።

"ምን አልክ አንተ ሰውዬ?" አሉ እትዬ ኖዝቤጊም።

"ፍሬን አልኩ!"

"አያፍርም! ጮክ ብሎ ይናገረዋል!"

"አፍሬ ጨርሻለሁ።" ፍሬኑን ለቀቀ፤ ሞተሩ እያጉረመረመ ተረከበው። "ያዙ እንግዲህ፣ ሁለተኛው መጣ! ፍሬን!"

"ጥርሴን! ጥርሴን!"

"ሐኪሙ ጋ ሳትደርሺ እነቅልልሻለሁ!"

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ከዚያ በኋላ ጥምዝ በመጣ ቁጥር ከቃዳምሾ ቀድመው የሚጮኹት ተሳፋሪዎቹ ሆኑ። ዛርኒጎር አልሳቀችም፤ የአባቷን ቀኝ እግር እያየች ነበር። ይረግጣል፣ ያነሳል። ሲያነሳ ጨርሶ ነው የሚያነሳው።

ምንጩ ጋ ሳቁ ቆመ። እትዬ ኖዝቤጊም ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ፣ መዳፋቸውን ቸርኬው ላይ አሳረፉ። ሰው ሁሉ ጠበቀ። እጃቸውን አላነሱም።

"እህስ?" አለ ቃዳምሾ።

"ቀዝቃዛ አይደለችም።"

"አውቃለሁ።"

"ሞቅ ብላለች።" ሌላኛውንም መዳፋቸውን ጨመሩበት። "ቆይ አትቸኩሉ፤ ጣቶቼ ቀዝቅዘው ነበር፣ እያሞቅኳቸው ነው።"

የእንቁላሉ ሰውዬም መጥቶ ነካ። ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሰው ገቡ።

እትዬ ኖዝቤጊም ግን አልገቡም። "ለመልሱ ቦታ ያዝልኝ" አሉ። "ደግሞ ከፊት። ከኋላ ሆኜ አንገቴ ሊቀነጠስ ነበር።"

"ከፊት የልጄ ቦታ ነው።"

"ልጅህ ወጣት ናት፣ ከኋላ ትንገላታ። ለነገሩ መሄጃዋ ነው አሉ።"

ቃዳምሾ ልጁን አየ። ዛርኒጎር ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እሺም እንቢም የማይባል ነገር ነበር።

"ብትሄድም ባትሄድም" አለ ቃዳምሾ፣ "ለዛሬ ከፊት ናት። አንቺ ግቢና በሩን ዝጊ፤ ገበያው ይበተናል።"

"ወይ ጉድ! ሹፌር ሲያዘኝ!" አሉ እትዬ ኖዝቤጊም፤ ግን ገቡና በሩን ዘጉ።