የሙኽታር የኋላ ወንበር

«በሉ ተነሱ። በሰው ፊት ተቃቀፉና ይብቃ» አሉ ሐጂ መሐመድአወል፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም።

ሙስዓብ ከመቀመጫው ብድግ ማለት ጀመረ። እህቱ ራውዳ ንቅንቅ እንዳላለች ሲያይ መልሶ ተቀመጠ። አባታቸው ሙኽታር ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀን ነው፤ በስደት አገራቸው፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሳሎን በለቀስተኛ ጢም ብሏል።

«ሐጂ፣ ምን እንዳጣላን ጠይቀውናል?» አለች ራውዳ።

«በለቅሶ ቤት የምን ጥያቄ ነው?»

«እንግዲያው ምኑን ነው ይቅር የምንባባለው?»

ሐጂ መሐመድአወል ወደ ሻያቸው ዞሩ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ ይቺ ናት አሉ በመሥሪያ ቤቷ ሰው የምታስታርቀው፣ ብላ አንሾካሾከች። ሌላዋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

እውነት ነው። ራውዳ በአውቶቡስ ጋራዡ ሱፐርቫይዘር ናት፤ ሦስት ወር የግልግል ኮርስ ወስዳ ሰርቲፊኬት አላት። ያን ቀን ያልተነሳችውም የማስታረቁን ሥራ ስለምታውቅ ነበር። ሰውን በሰው ፊት አሳፍሮ ማስተቃቀፍ ሽምግልና አይደለም፤ ቁስልን ሳያጥቡ ማሰር ነው። ከላይ ይደርቃል፣ ከሥር ይመግላል። የኛ ሰው ይህን አጥቶት አይደለም። ቶሎ ወደ ሳህኑ መመለስ ስለሚፈልግ ነው።

ሙኽታር እንዲህ አልነበሩም። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪኮች ሲካሰሱ፣ ሁለቱንም ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን አስቀምጠው ይነዱ ነበር። ከመነሳታቸው በፊት የውስጡን መስታወት ወደ ጣሪያው ያዞሩታል። «ፊታችሁን ካየሁ እፈርዳለሁ። እኔ ሹፌር እንጂ ዳኛ አይደለሁም» ይላሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ መጀመሪያ ሌላው የተበደለውን ይናገራል፣ ተበዳዩ «እሱ ነው» እስኪል ድረስ። እስከዚያ መኪናው አይቆምም። ሌላ ከተማ፣ ሃሚልተን ድረስ የተነዱ ግትሮች ነበሩ። ሁለቱም «እሱ ነው» ሲሉ ሙኽታር መስታወቱን ይመልሱና «የት ላውርዳችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ራውዳ ሰርቲፊኬቷን ስታሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ሦስት ወር? እኔ ብሉር ጎዳናን ከዳር እዳር ስነዳ የምጨርሰውን?» አሉ። ቀጥለው ግን አልሳቁም። «የሌላ ሰው ጠብ ቀላል ነው፣ ልጄ። በራስሽ ሲመጣ እንተያያለን።»

በራሷ የመጣው ባለፈው ጸደይ ነበር። ሙስዓብ የአባቱን የመኪና ቁልፍ ወሰደ፤ ለሐኪሙ ስለ ዐይናቸው ተናገረ፤ መንጃ ፈቃዳቸው ተሰረዘ። ራውዳ ደውላ «አባቴን በቁሙ ቀበርከው» አለችውና ስልኩን ዘጋች። ስምንት ወር አልተነጋገሩም። ሙኽታር ከመሞታቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለቱንም ወደ ምድር ቤቱ ፓርኪንግ ጠሯቸው። ሙስዓብ መጣ፤ ራውዳ ግን፣ ሺፍቴ አይመችም፣ አለች። ከዚያ የልብ ሕመማቸው ቀደማት።

በሦስተኛው ቀን፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ለቀስተኛው መቀነስ ጀመረ። ሙስዓብ በማግስቱ ወደሚኖርበት ወደ ካልጋሪ በራሪ ነው። ዛሬ ካልሆነ ሌላ ስምንት ወር፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ እንደሚሆን ራውዳ ታውቃለች። አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«የአባዬ ቁልፍ አንተ ጋ ነው?»

ከኪሱ አወጣው። በአሳንሰሩ ውስጥ ሁለቱም የፎቆቹን ቁጥር ሲያዩ ወረዱ።

መኪናው አቧራ ለብሷል። ሙስዓብ ወደ ሹፌሩ በር ሲያመራ «አይ፣ ከኋላ» አለችው። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቀና ስትል መስታወቱን አየችው። ወደ ጣሪያው ዞሯል።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነው» አለ ሙስዓብ። «አባዬ አዞረውና አንድ ሰዓት ጠበቀሽ።»

ራውዳ ለዚህ ጠብ ስምንት ወር ያሳመረችው መከራከሪያ ነበራት። ዋጠችው።

«እኔ ልጀምር። ያንተን» አለች። «ልጅህ ሪም እዚህ ተቀምጣ ነበር። አባዬ ቀዩን መብራት አላየውም። በጎን የመጣው አውቶቡስ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ሪም ዛሬ የለችም። ይህን ስትነግረኝ፣ አንዴ ቢሳሳት ነው፣ አልኩህ።»

«ይቀራል።»

አሰበች። «ቁልፉን ከእጁ ብቻህን ተቀበልክ። እኔ እጄን ንጹሕ አድርጌ ዳር ቆሜ ሰደብኩህ።»

«ዛትስ ኢት» አለ። ቆይቶ በአማርኛ ደገመው። «እሱ ነው።»

ተራው የሱ ሆነ። አማርኛው ይደናቀፋል፤ ግን አልተወውም።

«አባዬ ጡረታ ወጥቶም... ለገንዘብ አይደለም የሚነዳው። ሰዎቹ ይመጡ ነበር። ቁልፉን ስወስድ ሰዎቹንም ወሰድኩበት። ከዚያ ማንም አልጠራውም። አንቺን ሳልጠይቅ አደረግኩት፤ ብጠይቅሽ መንገድ ታገኚለት ነበር።»

የምትጨምረው ፈለገች፤ አጣች።

«እሱ ነው» አለች።

ማን ትክክል እንደነበረ አልተወሰነም። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ሁለቱም በድለዋል። ከፊታቸው ያለውን ባዶ የሹፌር ወንበር አዩ፤ «የት ላውርዳችሁ?» ብሎ የሚጠይቃቸው እንዳለ ሁሉ ጠበቁ።

ራውዳ ወደፊት ተንጠራራች። መስታወቱን በሁለት ጣቷ ከጣሪያው መለሰችው፤ ለአባቷ ቁመት ልክ እስኪሆን ድረስ ቀስ አድርጋ አስተካከለችው።