የእምቢ በርሜል

አፏን የፈታችው «እምቢ» ብላ ነው ይባላል። ቤተሰቡም ሰፈሩም ስሟን ትቶ እምቢ ይላት ጀመር፤ ይኸው ፀጉሯ ሸበተ፣ ቅጽል ስሙ ግን እንዳዲስ አለ። ከአባቷ በወረሰችው ግቢ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ታረባለች። ግቢው ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የታላቅ ወንድሟ የልብስ ሰፊው ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እምቢ ማለዳ ማለዳ ክዳን ያለው ባልዲዋን አንጠልጥላ ቄራ ትወርዳለች። አራጆቹ ወደ ቦይ የሚለቁትን ደም ገና ትኩስ ሳለ ትቀበልና ከቤት ጀርባ ባለው በርሜል እያማሰለች ታፈላዋለች። ሲረጋ ጆንያ ውስጥ አድርጋ ድንጋይ ትጭንበታለች፤ ውሃው ሲወጣለት ፈርፍራ ቆርቆሮ ላይ ታሰጣዋለች። ደርቆ እንደ ከሰል ብናኝ ሲጠቁር ትወቅጠውና ለአንድ ጆንያ የበቆሎ መኖ አንድ ጣሳ ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ ካለፈ ዶሮዎቹ መኖውን ቀመስ አድርገው ፊታቸውን ያዞራሉ። አመላቸው ከባለቤታቸው የተቀዳ ነው።

«ደም የቀመሰ እንስሳ አውሬ ነው» ይላል ወንድሟ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ በመስኮት። «አንድ ቀን እርስ በርስ ይበላላሉ። ያን ቀን በርሜሉን እጥላለሁ፣ ዶሮዎቹንም እሸጣለሁ። በአባቴ ግቢ ቄራ አይከፈትም!»

«ጋሼ፣ ዶሮ መቼ እህል ብቻ በልታ ታውቃለች? ትል ጭራ፣ ጢንዚዛ ለቅማ ነው ያደገችው። ቤት የተዘጋባት ዶሮ ትሉን ከየት ታምጣው?»

«አንድ ቀን ይበላላሉ አልኩሽ!»

«ያን ቀን በርሜሉን እኔው ራሴ አሸክምሃለሁ» አለችው። ይህን ያለችው ደግሞ ከፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ እየሰማ ነው። የሰፈሩ ጆሮ እሱ ነው።

ከዚያ ኬክ ጋጋሪዋ መጣች፤ የእምቢን እንቁላል ጠቅልላ የምትወስደው እሷ ናት። «እትዬ፣ ሰው ማውራት ጀምሯል። ደሙን ካልተውሽ ከሌላ ቦታ ልወስድ ነው» አለቻት፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

እምቢም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለች።

እሺታዋን ግን ወንድሟ ከሚሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች። ስለዚህ ማለዳ ባልዲዋን ይዛ መውጣቷን አልተወችም፤ በጓሮ በኩል ዞራ ከቧንቧው ውሃ ትቀዳለች፣ በርሜሉ ውስጥ ትገለብጣለች፣ ክዳኑን ትገጥማለች፣ እሳቱን ታቀጣጥላለች። ጢሱ እንደወትሮው ይወጣል። ወንድሟ እንደወትሮው መስኮቱን ጓ አድርጎ ይዘጋል። ባለሱቁ አፍንጫውን በሻሽ ጠፍሮ «ኧረ እትዬ፣ ዛሬስ የባሰ ከረፋ!» ብሎ ይጮሃል። እምቢ ከበርሜሉ ኋላ አፏን በመዳፏ አፍና ትንፈቀፈቃለች።

ሳቋ ግን አልበረከተም። መጀመሪያ ወለሉ ላይ የሚወድቅ ላባ ጠፋ፤ እየዋጡት ኖሯል። ቀጥሎ ጅራታቸው ሳሳ፣ እንቁላሉ ቀነሰ። አንድ ማለዳ አንዲቷ ቀይ ዶሮ ጀርባዋ እርቃኑን ቀርቶ፣ በደም ተነክሮ፣ ጥግ ይዛ ስትንቀጠቀጥ አገኘቻት። የቀሩት ከበዋታል። አቅፋ ስታወጣት ወንድሟ በመስኮት አየ።

ባለሱቁን አስከትሎ መጣ። ሜትሩ ገና አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«አላልኩሽም? ቀመሱ፣ አውሬ ሆኑ! ቃልሽ የት አለ?»

«እኔም ሰምቻለሁ እትዬ፣ ልዋሽ አልችልም» አለ ባለሱቁ በሻሹ ውስጥ።

እምቢ ዶሮዋን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። እውነቱ በእጇ ነው፤ ግን እውነቱን ለማውጣት እሺ ማለቷን ማውጣት ሊኖርባት ነው። የዶሮዋ ልብ ክንዷ ላይ ትር ትር ይላል።

«እስቲ ያዛት» ብላ ዶሮዋን ለወንድሟ አሸከመችው። በጨርቅ ክዳኑን ይዛ ወዲያ ወረወረችው። «ና፣ እይ።»

ልብስ ሰፊው አጎነበሰ። ጥርት ያለ ውሃ ይንተከተካል።

«ደሙስ?» አለ ባለሱቁ።

«የምን ደም? ሰነበትኩ እኮ ጠብታ ካስገባሁ! አንተ አፍንጫህን ስታስር የከረምከው ለቧንቧ ውሃ ነው።»

ባለሱቁ ሻሹን ቀስ ብሎ ፈታ።

«ጋሼ፣ ፈርቼ ተውኩት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ» አለች፤ ወዲያው ግን ቀና አለች። «ደሙን ሲበሉ አንዲት ላባ ተነቃቅለዋል? አልተነቃቀሉም! ስነፍጋቸው ነው እርስ በርስ የዞሩት። የጎደላቸውን ከጓደኛቸው ጀርባ ይለቅማሉ። እናንተን የሰማሁ ጊዜ ነው አውሬ ያደረግኳቸው።»

«ውሃ... ውሃ ስታፈዪ ነው የከረምሽው?» ወንድሟ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ኮስተር አለ። «ቢሆንም ሽታው...»

«ሽታውን ትለምዱታላችሁ። ውሃውንም ለምዳችኋል!»

ውሃውን ደፋች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ በርሜሉን በእንጨት እየገፋች ከቤቱ ጀርባ አንከባልላ በሩ ፊት ለፊት፣ በሱቁ ዓይን ሥር፣ ገትራ አቆመችው። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው። ክዳንም የለው። ማየት ያማረው ይይ!»

ባልዲዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ወንድሟ ከኋላዋ «አንቺ እምቢ! ይቺን ምን ላድርጋት?» አለ፤ ዶሮዋን እንደ ሕፃን ታቅፏታል።

«ለብቻዋ አኑራት። ደግሞ ልብስ ሰፊ አይደለህ? ጀርባዋን የሚሸፍን ነገር ስፋላት!»

በጓሮ አልዞረችም፤ በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል ሄደች። በኬክ ጋጋሪዋ በር ላይ ቆም ብላ «ከዛሬ ጀምሮ ደም ነው የማበላቸው። ከወደድሽ ነይ፣ ካልወደድሽ ከሌላ ውሰጂ» አለቻትና መልሱን ሳትጠብቅ አለፈች። ከኋላዋ፣ ከግቢው በኩል፣ የስፌት መኪናው ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።

አራጁ ሲያያት ቢላውን ሽርጡ ላይ ጠራርጎ «ምነው ጠፋሽሳ?» አላት።

«ውሃ ሳፈላ ነበር» አለችና ባልዲዋን ዘረጋችለት።