እጅ ሴት ናት

«ነገ ቀለም ቀቢዎቹ ይገባሉ» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ አንድ እግሩን ከበሩ ውጭ እንዳደረገ። «ይህ ሁሉ ወረቀት ዛሬውኑ ይነሳ። ሐሙስ ደግሞ ገብቼ ሲያስተምሩ አያለሁ።»

ይህ ሁሉ ወረቀት የስፓኒሽ መምህርቷ ሥራ ነው። በሩ ላይ «ላ ፑዌርታ»፣ መስኮቱ ላይ «ላ ቬንታና»፣ ሰዓቱ ሥር «ኤል ሬሎኽ» ይላል። ከጣሪያው የካርቶን ዓሦች ተንጠልጥለዋል፤ የጎረቤት ክፍሉ የሒሳብ መምህር «ዛሬ ዓሣው በስንት ነው?» እያለ ያሾፍባታል። ሰው ሁሉ ለጌጥ የለጠፈችው ይመስለዋል። እሷ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ቃል እየከዳት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረችው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ እንደ ዋዛ ወደ ግድግዳው ዘወር ትላለች። ሐሙስ ባዶ ግድግዳ ፊት ብትቆም ጉዷ ይፈላል። ፈራች።

«ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ቢቆይስ?»

«ኧረ ቲቸር! የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት ወይስ ግድግዳው?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ወንበር ላይ ቆማ መላጥ ጀመረች። ከሰሌዳው በላይ ተማሪዎቹ በባለቀለም ወረቀት ላይ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዙሪያውን በእርሳስ ነድፈው የቆረጧቸው እጆች ተደርድረዋል። መሃል ላይ «ላ ማኖ»፣ ማለትም እጅ፣ የሚል ጽሑፍ ያለበት የእሷ እጅ አለ። «ላማኖ» የሚል ቅጽል ስም ያተረፈላት ይኸው ቃል ነው። በስፓኒሽ ሴት ስም «ላ»ን፣ ወንድ ስም «ኤል»ን ያስቀድማል፤ በ«ኦ» የሚያልቅ ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ማኖ ግን አፈንግጣለች። «ሁሉን ብትረሱ ይህችን እንዳትረሱ፤ እጅ ሴት ናት!» ትላቸዋለች።

የራሷን እጅ ስታወርድ «ላ» የሚለው ቃል ሻከራት። ቁራጭ ወረቀት ተደርቦበታል። በጥፍሯ ብትልጠው ከሥሩ በገዛ ጽሕፈቷ «ኤል» የሚል ወጣ። በእጇ የጻፈቻቸውን ሌሎቹን ወረቀቶችም አገላብጣ አየች። ሰባቱ ላይ አንድ ሰው አጻጻፏን አስመስሎ ስህተቷን ሸፍኖላታል። እፍረት ፊቷን አጋለው፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ ላግዝዎት?»

ከፊት የምትቀመጠው ባለመነጽሯ ተማሪ ነበረች። መምህርቷ ቁራጯን አሳየቻት። ልጅቷ አቀረቀረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሁለተኛው ፈተና በፊት። ለማንም አልተናገርኩም። አያቴንም እንዲህ ነው የጀመራት።»

«አሁን እንዴት ናቸው?»

ልጅቷ ሄዳ የመስኮቱን ወረቀት ላጠችና ጽሑፉ እንዳይታይ ወደ ደረቷ አዙራ ይዛ፣ መስኮቱን በጣቷ እያሳየች ቆመች።

መምህርቷ ገባት። «ላ ቬንታና» አለች።

ሰዓቱን አሳየቻት። «ኤል… ኤል ሬሎኽ።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። በመጨረሻ የበሩን ወረቀት ላጠች። በቦታው ፕላስተሩ የላጠው ቀለም አራት ማዕዘን ሠርቶ ቀረ። መምህርቷ በሩን አየችው። በየቀኑ የምትገባበት፣ የምትወጣበት በር ነው። አፏን ከፈተች።

ልጅቷ ወረቀቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ጠበቀቻት። አልቸኮለችም።