ከተቀባዮቹ አንዱ

«ነፍሱን ይማርና፣ ያችን የዘፈን ውሸቱን ይዟት ሄደ» አለ የሟች ባልደረባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ሚስትየው ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ ሆና ሰማች። ባሏን በገዛ ለቅሶው ውሸታም ሲሉት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

ሟቹ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ያ ሁሉም የሚያውቀው የድሮ ዘፈን በሬዲዮ በመጣ ቁጥር መቀሱን ያቆምና «ስሙ፣ ከተቀባዮቹ አንዱ እኔ ነኝ! ገና ጎረምሳ ነበርኩ» ይላል። ደንበኛው «አዎ» ይላል። መቀስ ጆሮው ሥር ያለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? አጠገቡ የሚሠራው ባልደረባው ብቻ ይስቅበታል። ሚስቱም ስንት ጊዜ ጆሮዋን አቁማ አዳምጣለች። ያገባችው በስተርጅና ነው፤ የምታውቀው ከደረቱ የሚወጣውን ወፍራም ድምፁን ነው። ዘፈኑ ውስጥ ያሉት ግን ቀጫጭን የልጅ ድምፆች ናቸው። «እሺ፣ አንተ ነህ» ትለው ነበር፣ ቅር እንዳይለው። ለማስደሰት እንደሆነ ያውቅባታል፤ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

ትንሽ ጋደም ልትል መኝታ ቤት ስትገባ የእህቷን ልጅ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አገኘቻት።

«በለቅሶ ቤት ዘፈን?»

«ይቅርታ አክስቴ፣ የአጎቴ ዘፈን ነው እኮ። አሁን ወጣቱ እንዲህ አዘግሞ፣ ኤኮ ጨምሮበት ነው የሚሰማው። ያልነበርኩበትን ዘመን ሁሉ ያስናፍቀኛል።»

«እስቲ ስጪኝ።»

ዘፈኑ እየተጎተተ መጣ፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሚዘፈን ይመስላል። የዘፋኙ ድምፅ ከመዘግየቱ የተነሣ ወፍሯል። ተቀባዮቹ ሲገቡ ሴትየዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው።

ከመሀላቸው የአንዱ ቀጭን ድምፅ ወርዶ ወርዶ የባሏ ድምፅ ሆኗል። ማታ በር ከፍቶ «አለሽ?» የሚላት፣ ሰው ጭንቅላት ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያንጎራጉረው፣ እሱ ራሱ! የቃሉን መጨረሻ እንኳ እንደ ልማዱ ይውጠዋል። የፈጣሪ ያለህ! ገና ሳይተዋወቁ፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣ የሽምግልና ድምፁ እዚያ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

«አክስቴ፣ ላጥፋው?»

«እንዳትነኪው!»

ስልኩን እንደያዘች ወደ ሳሎን ወጣች። «ኧረ ጉድ፣ ዘፈን!» አለች አንዷ ጎረቤት። እሷ ግን በቀጥታ ሄዳ ባልደረባው ፊት ቆመች።

ሰውየው መጀመሪያ ግራ ገባው። ተቀባዮቹ ሲገቡ ግን ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሟቹ ራሱ የገባ ይመስል ከወንበሩ ብድግ አለ።

እሷም ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረችው።