ብረቱ የሚወርድበት ሰዓት

እማማ የሆስፒታሉን አንሶላ ሁለት ጊዜ በኃይል አራገፉና፣ የተጣላቸው ሰው ይመስል ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ሃያ ስድስት ዓመት የዚህን ልብስ ማጠቢያ ቤት የእንፋሎት ቦይለር ሲያነድዱ የኖሩ ሴት፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሥራቸው ጨርቅ ማጠፍ ሆነ። ጥግን ከጥግ ማጋጠም። ይህንንማ እጅ ያለው ሁሉ ይሠራዋል።

ሥራ አስኪያጁ የነገራቸው በትሕትና ነበር፤ ይበልጥ ያንገበገባቸውም ትሕትናው ነው። ዕድሜያቸው መግፋቱን፣ ፊደል አለመቁጠራቸውን፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የሚጽፍና የሚያነብ ኃላፊ እንደሚያስፈልገው ሲያብራራላቸው እንደ ሕመምተኛ እጃቸውን ይዞ ነበር። አዲሷን ልጅ ሦስት ሳምንት አሠልጥነው ወንበሩን እንዲያስረክቡ ተወሰነ። ልጅቷ ዲፕሎማ አላት። የአምስት ቀን የአመራር ሥልጠናም ወስዳለች። እማማ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ ፊት ለፊቷም ከኋላዋም «ዲፕሎማ» ነው የሚሏት። «ዘወር በይ ዲፕሎማ፤ እሳት ወረቀት ያቃጥላል እንጂ አያነብም።»

ማሠልጠኑንስ አሠልጥነዋል፣ በእሳቸው ደንብ። እሳቸው ይሠራሉ፣ ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ ታያለች። «ይሄ ለምንድን ነው እማማ?» ብላ አፏን ከከፈተች መልሱ አንድ ነው፤ «ዓይን አልሰጠሽም? ለእኔስ ማን ነገረኝ?» በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ በቀን አሥር ጊዜ ትጠይቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው መጠየቋን ተወችና ያየችውን ብቻ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ጀመር። እማማ ይህንን እንደ ድል ቆጠሩት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የመተኮሻ ማሽኖቹ ተራ በተራ ቆሙ። አሥራ አንዱ ተኳሾች ምሳቸውን ይዘው እንደ ወትሮው ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። ከግድግዳው ወዲያ ቦይለሩ ስላለ ጡቡ ይሞቃል፤ በብርድ ወራት ለዚያች ቦታ ይጋፋሉ። የእማማ ልጅም መሐላቸው ናት፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ጀርባዋን ለጡቡ ሰጥታ እግሯን ዘረጋች።

እማማም የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው አንድ ጊዜ ጎረሱ። ሁለተኛውን ሊጎርሱ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ፉጨቱ የለም።

ማሽኖቹ ሲቆሙ እንፋሎቱ መሄጃ ያጣል። ያን ጊዜ የቦይለሩ ማስተንፈሻ ራሱን ከፍቶ የተረፈውን በጣሪያው በኩል እያፏጨ ይተፋዋል። በየቀኑ እንዲሁ ነው፤ ሴቶቹ «ምሳ ጠራን» ይሉታል።

«ፉጨቱን ሰማሽ?» አሉ ልጃቸውን።

«ኧረ ዛሬ ሰላም ነው እማዬ። አንቺ ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ማሰኘት ያቃተሽን ዲፕሎማ በአንድ ቀን ጸጥ አሰኘችው።»

ሴቶቹ ሳቁ። የእማማ እጅ ሳያስቡት ወደ ሽርጣቸው ኪስ ገባ። ኪሱ ባዶ ነው።

በዚህ ሰዓት እዚያ ኪስ ውስጥ አንድ ብረት መኖር ነበረበት፤ ሁለት ኪሎ የሚመዝን የድሮ የሚዛን ብረት። ከሰዓት በኋላ እማማ ወደ ቀኝ አዘምመው ሲሄዱ ሴቶቹ ዕድሜ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ዕድሜ አልነበረም። ማስተንፈሻው ካረጀ ቆይቷል። ያለ ጊዜው እየተከፈተ እንፋሎቱን ይበትነዋል፣ አንሶላውም እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ለቢሮው ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ የሰማቸው የለም። ስለዚህ በገዛ ብልሃታቸው፣ ማሽኖቹ እንፋሎቱን በሚጠጡበት ሰዓት ብረቱን በማስተንፈሻው ክንድ ላይ ሰቅለው ይጫኑታል። ሦስት ሰዓት ላይ ይሰቀላል፤ ማሽኖቹ ሊቆሙ ሲሉ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ይወርዳል። ካልወረደ እንፋሎቱ መውጫ የለውም።

ልጅቷ ሲሰቅሉት አይታለች። ሲያወርዱት ግን አላየችም። ልክ በዚያች ሰዓት «ሂጂና የሳሙናውን በርሜል እዪልኝ» እያሉ ይልኳት ነበር። አውቀው ነው። ሁሉን ያወቀች ሁሉን ትወስዳለች ብለው። ዛሬ ጠዋት ተናደው ሲወጡ ደግሞ ብረቱን መስኮቱ ላይ ትተውት ወጡ።

በወጣትነታቸው በሠሩበት ሌላ ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ አንድ ጊዜ ሰምተዋል። ያን ዕለት ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ሲመለሱ ግድግዳው አልነበረም። አብሯቸው ከሚሠራው ሰው ያገኙት ፍርስራሹ መሐል ቆሞ እየተነነ ያለ አንድ ነጠላ ጫማ ነው። አሁን የልጃቸው ጫማ ከግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል።

«ተነሡ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ወጣ፤ የራሳቸው አልመሰላቸውም። «ምሳችሁን ተዉት። ጫማሽንም ተዪው። ሁላችሁም ወደ ግቢ፣ አጥሩ ጋ።»

ማንም አልሳቀም። እማማ ሲቆጡ ያላየ የለም፤ ሲፈሩ ግን ያየ አልነበረም። ልጃቸው በባዶ እግሯ ቆማ «አንቺስ?» ስትላቸው ገፍተው አስወጧት።

እስከ ቦይለሩ ክፍል ያለው መተላለፊያ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። መንገዱ በግራ በኩል ወደ ውጭው በር ይታጠፋል። እዚያ ሲደርሱ እግራቸው ወደ ግራ ሊሄድባቸው ሲል በራሳቸው አፈሩና በጥፊ የመቱት ያህል ወደ ቀኝ መለሱት።

ዲፕሎማ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የፈረቃውን ሪፖርት ትጽፍ ነበር። ብረቱ በማስተንፈሻው ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። እማማ ቁጥር አያነቡም፤ የግፊት መለኪያዋን መርፌ ግን እንደ ልጃቸው ፊት ያውቋታል። መርፌዋ ቀዩን መስመር አልፋ፣ መጨረሻው ላይ ያለችውን ትንሽ ሚስማር ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ ወዲያ መሄጃ ስለሌላት ነው እንጂ ትሄድ ነበር። ቦይለሩ አይጮኽም፣ አይንቀጠቀጥም። ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ዝም ብሏል።

ልጅቷ ዓይናቸውን ተከትላ መርፌዋን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። መርፌዋ ከሩብ ሰዓት በፊት ደህና እንደነበረች እየተንተባተበች ነገረቻቸው፤ ወዲያው ብረቱን ልታወርድ ዘለለች።

«አትንኪው!»

እጇ ብረቱን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

«በአንዴ ከለቀቅሽው ሊፈነዳ ይችላል» አሉ እማማ፣ አሁን ቀስ ብለው። «ውስጥ ያለው ውኃ ከመጠን በላይ ግሏል። አምቆ የያዘው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ድንገት ከወረደ ያ ሁሉ ውኃ አንድ ላይ ይተንና ቦይለሩን በርግዶ ይወጣል። መጀመሪያ እሳቱ። ቀጥሎ ማሽኖቹ ይጠጡለት። ብረቱ መጨረሻ።»

ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ሲወጣ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ገረማቸው።

የነዳጁን መዝጊያ ጨበጡ። እጃቸው እንቢ አላቸው። ልጅቷ እጇን በእጃቸው ላይ ጫነች፤ አብረው አዞሩት። እሳቱ ጠፋ፣ መርፌዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«አሁን አንድ ሰው ተኳሾቹ ክፍል ገብቶ የማሽኖቹን እንፋሎት መክፈት አለበት» አሉ።

«እኔ እገባለሁ። ከየትኛው ልጀምር?»

«ከሁሉም ከራቀው፣ ከዳሩ። ሩብ ዙር ብቻ ክፈቺ፤ አሥር ቁጠሪና ሌላ ሩብ።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። በከንፈሯ ላይ የመጣውን ቃል እማማ አወቁት። እሷ ግን ቃሉን ውጣ ሮጠች። ሞት አጠገባቸው ቆሞ እንኳ «ለምን» ማለት ፈራች። ይህን ፍርሃት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አላስተማሯትም።

ብቻቸውን ቀሩ። ቦይለሩን እያዩ «አንተ ሆዳም» አሉት፣ «ሃያ ስድስት ዓመት አብልቼህ»። ስድቡም አላገዛቸውም። ከግድግዳው ወዲያ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል። ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አሥር ላይ ስትደርስ ታቆምና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። በሦስተኛው ቆጠራ ቧንቧው ውስጥ እንደ መዶሻ የሚመታ ነገር ተሰማ፣ ቆጠራውም ተቋረጠ። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት» የሚለው ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ቀጠለ። ልጅቷ አልሸሸችም።

ዓይናቸውን ሲገልጡ መርፌዋና ሚስማሯ መሐል ክር የሚያህል ክፍተት ነበር። ክሩ ጣት አከለ። መርፌዋ ቀዩን መስመር ተሻገረች፣ ከዚያም ወትሮ በጠዋት የምትቆምበት ቦታ ወረደች። እማማ ሽርጣቸውን በእጃቸው ጠቅልለው ብረቱን ሳብ አደረጉት። ማስተንፈሻው ትንሽ አቃስቶ ማፏጨት ጀመረ። እማማ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ሲደርስ ሴቶቹ በር ላይ ተሰብስበዋል። የሆነውን ከሰማ በኋላ መሬት ላይ ያለውን ብረት በእግሩ ገፋ አድርጎ ማን እንደሰቀለው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። ከክርኗ በታች ክንዷ በእንፋሎት ቀልቷል። ወደ እማማ እንኳ አላየችም።

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። ለእሷ የስንብት ደብዳቤዋን ቢሮ እንድትጠብቅ ነገራት። ወደ እማማ ጎንበስ ብሎም፣ አሁንም በዚያ በትሕትናው፣ «እናታችን፣ እንኳን ደረሱልን። ከነገ ጀምሮ ወደ ቦታዎ ይመለሱ» አላቸው።

ወንበሩ ባዶ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጡበት፣ መቀመጫው በእሳቸው ልክ የጎደጎደ ወንበር። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ዝም ማለትን ደግሞ ማን ያህላቸዋል?

ልጃቸውን አዩ። አሁንም ባዶ እግሯን ናት።

«ብረቱ የእኔ ነው» አሉ፣ ግድግዳውን ይዘው እየተነሡ። «መስቀሉን አሳየኋት፣ ማውረዱን ደበቅኋት። የምትቆጣ ከሆነ እኔን ተቆጣ፤ ከዚያ ደግሞ ተራህን ጠብቅ፣ አንተንም የምቆጣህ አለኝ። ይህ ማስተንፈሻ አርጅቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ነግሬህ ነበር። አዲስ ሳይገባለት እዚህ እሳት የሚያነሣ ሰው ካለ እጁን እቆርጠዋለሁ።»

በሩ ላይ አንዷ ተኳሽ ሳቋን በሽርጧ ሸፈነች።

እማማ ልጅቷን በደኅነኛው ክንዷ ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። ራሳቸው የሳሙና ባልዲ ገልብጠው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ደብተርሽን አውጪ» አሉ።

አወጣች። ብዕሯን ይዛ፣ እንደለመደችው ዝም ብላ ጠበቀች።

«እንዲህማ አይሆንም ልጄ። ከዳሩ ማሽን ጀምሪ ስልሽ አንድ ቃል ዋጥሽ፤ አይቼሻለሁ። በይ አሁን አውጪው። ለምን በይኝ።»