የአክስቴ ግድግዳና መታጠፊያው

አዲስ የፍሳሽ መስመር ከመጽደቁ በፊት በመስታወት ይታያል። አንድ ሰው መብራት ይዞ ማንሆል በሚባለው የመፈተሻ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል፤ ሌላው በሚቀጥለው ማንሆል ሆኖ መስታወቱን ወደ ቱቦው አፍ አጋድሎ ያያል። ቱቦው ቀጥ ብሎ ከተቀበረ መብራቱ ሙሉ ክብ ሆኖ ይታያል። ከተጣመመ ክቡ ይቆረሳል። እኔ በተማርኩበት አገር ይህን የሚሠራው በጎማ የሚሄድ ካሜራ ነው። መስታወቱን መጀመሪያ ሳየው የፀጉር ቤት ዕቃ በስህተት የተጫነብን መስሎኝ ነበር።

ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም። ልቅር ወይስ ልሂድ እያልኩ ሻንጣዬን እንኳ በወጉ አልፈታሁም። የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ የሥራ ርክክብ ክፍል ነው የመደቡኝ፤ አለቃዬ ኢንጂነሯ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ አጭር ሴት ናት። ወደ አዲሱ መስመር ስንሄድ መኪናው ውስጥ፣

"አንድ ነገር ልንገርዎት" አልኳት። "አክስቴ የምትኖረው እዚህ መንገድ ላይ ነው።"

"እንግዲያው መስታወቱን አትይዝም። መብራቱን ይዘህ ውረድ።"

ወረድኩ። ኢንጂነሯ በወዲያኛው ማንሆል አፍ ላይ ተንበርክካ ረጅም ጊዜ አየች።

"የክቡ ግራ ጎን የለም" አለች፤ ድምፅዋ በቱቦው በኩል ደረሰኝ።

"ልጁ መብራቱን አጋድሎ ይዞት ይሆናል" አለ ቱቦውን ያስቀበረው ፎርማን። "ፈረንጅ አገር የተማረ እጅ ነው፣ ጉድጓድ አልለመደም።"

"እስቲ አንተ እየው።"

ፎርማኑ መስታወቱን አልተቀበላትም። ወጥቼ ስደርስ አንገቱን ደፍቶ እያስረዳት ነበር። በፕላኑ መሠረት መስመሩ ከአንድ ቤት ግድግዳ ሥር ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ መሠረት የሚባል ነገር የለውም። "ብቆፍር ይወርድ ነበር። ትንሽ ወደ መንገዱ ገፋ አደረግኩት።"

"መግፋትህ አይደለም ያናደደኝ፣ ዝም ማለትህ ነው። እዚያ መታጠፊያ ላይ ቢደፈን በየት ገብተው ይጠርጉታል?"

ቤቱ የአክስቴ ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔንም ያሳደገችኝ ከዚያ ግድግዳ ሥር ባለችው የስፌት መኪናዋ ነው። የሽንት ቤቷ ጉድጓድ ከሞላ ስለቆየ ጎረቤት እየሄደች ትለማመጣለች፤ ደንበኞቿ ሲጠይቋት ደግሞ የምትገባበት ይጠፋታል። ይህን መስመር የጠበቀችውን ያህል እኔን ከውጭ አልጠበቀችኝም። አሁን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች።

"ምነው? አልፈቀዳችሁልንም?"

አዳላ እንዳልባል ፈርቼ ቀደምኩ። "ውድቅ ነው። ቱቦው ወጥቶ እንደገና ቀጥ ብሎ መቀበር አለበት።"

አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ባሕር ተሻግረህ የተማርከው የኔን ግድግዳ ለመናድ ነው?"

ፎርማኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ልጁ በግማሹ ልክ ነው፤ እንዲህ ሆኖ አይጸድቅም" አለች ኢንጂነሯ። "ግን ደንቡ መስመር አይታጠፍ አይልም። በታጠፈበት ቦታ ማንሆል ይኑረው ነው የሚለው። መታጠፊያው ላይ ማንሆል ትሠራላችሁ፣ ፕላኑም ይስተካከላል። ከዚያ ከማንሆሉ ወዲህና ወዲያ ያለውን መስመር በየራሱ አያለሁ።"

"ማንሆል ከቱቦ የሰፋ ጉድጓድ ነው የሚፈልገው" አለ ፎርማኑ። "ግድግዳው ቢናድስ?"

"በእጅ ቆፍሩ። በየክንዱ ጥልቀት ጎኑን በጣውላ እየደገፋችሁ።"

"ደግፈናል ብሎ ቢዋሽስ?" አለች አክስቴ። "ማን ያየዋል?"

"እኔ።"

ቁፋሮው በተጀመረ ዕለት ኢንጂነሯ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ የምትቆጣጠር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አክስቴ ቤት ገባች። የአክስቴን መኪና ወደ ግቢው በር አስወጣች፣ የደንበኛ መቀመጫ ዱካ ወስዳ ከግድግዳው ሥር አስጠጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

"ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል እንጂ ግድግዳ ሊደግፍ ይቀመጣል እንዴ?" አለች አክስቴ ከበሩ።

"እርስዎ ይስፉ፣ እትዬ።"

በተማርኩበት አገር ይህን ያደረገ መሐንዲስ በማግሥቱ ይባረራል፤ ቢያባርሩትም አልፈርድባቸውም። ጠጋ ብዬ "እዚህ መቀመጥ አደገኛ ነው" አልኳት።

"አደገኛ ከሆነ ቁፋሮው ይቁም። ካልሆነ ምን ያስነሳኛል?"

ፎርማኑ በመስኮት አንገቱን አስግጎ አያት። ሄዶ ከአንዱ ቆፋሪ እጅ ዶማውን ተቀበለና ራሱ ጉድጓድ ገባ። ከዚያ በኋላ ዶማው ያርፍ የነበረው ሕፃን የተኛበት ቤት ያለ ይመስል ቀስ ብሎ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ከጣራው ሥር አፈር ወርዶ ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

"ጣውላው ገብቷል?" አለች ወደ ውጭ።

"ገብቷል!" አሉ ከታች።

"በሁለቱም ጎን?"

የአክስቴ መኪና ቆመ። ከዚያ መዶሻ ተሰማ፤ ደጋግሞ መታ፣ ግድግዳው በኢንጂነሯ ጀርባ ላይ ስስ ንዝረት ሲያልፍበት አየሁ።

"አሁን ገብቷል" አለ ፎርማኑ።

ማንሆሉ ተገንብቶ ዙሪያው አፈር እስኪመለስ ድረስ በየቀኑ እየመጣች እዚያው ተቀመጠች። ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትሠራለች፤ ስልክ ሲደወል "ስብሰባ ላይ ነኝ" ትላለች። አክስቴ ሌላ ጊዜ ለሰው የማትነግረውን ወሬ ሁሉ ነገረቻት። እኔ ወዲያና ወዲህ እመላለሳለሁ፤ ድፍረት ነው ወይስ ግትርነት እያልኩ፣ ቤቱ ውስጥ ያለሁበትን ሰዓት ግን እያስረዘምኩ።

በመጨረሻ መስታወቱ ሲወርድ በሁለቱም በኩል ክቡ ሙሉ ነበር። ኢንጂነሯ ማጽደቂያው ላይ ፈርማ አክስቴን "እስቲ ውሃውን ይልቀቁት" አለቻት።

አክስቴ ከመስመሩ ጋር የተገናኘው አዲሱ ሽንት ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። እኛ በመታጠፊያው ማንሆል ላይ ተደፍተን ጠበቅን፤ የፎርማኑ ትንፋሽ ይሰማኛል። ከሩቅ ጉርጉር የሚል ድምፅ መጣ። ውሃው በቱቦው አፍ ብቅ አለ፣ መታጠፊያውን ዞረ፣ ሄደ።

"አለፈ?" አለች አክስቴ ከውስጥ።

"አለፈ፣ እትዬ" አለች ኢንጂነሯ።