የአፍንጫው ሚስት

«አንሶላውን በዚያ በኩል ሳብ አድርጊልኝ፤ አንገታቸው ይታያል» አለች የባሏ እህት፣ ወንበር ላይ እንደቆመች።

መጋረጃ ሰፊዋ ሳብ አደረገችላት። ሙያዋ ነውና እጇ ሳታዝዘው እጥፋቱን አስተካከለ። ባለመስታወቱ ቁምሳጥን ከራሱ እስከ እግሩ በነጭ አንሶላ ተጀቦነ። በውስጡ የተሰለፉት የውስኪ ጠርሙሶችም አብረው ተሰወሩ።

«አፈሩ ሳይደርቅ ጠርሙስ ደርድረው ተቀመጡ እንዳንባል ነው» አለች የባሏ እህት ስትወርድ። የሟቹ ታላቅ ናት፤ መጋረጃ ሰፊዋ «እትዬ» ነው የምትላት። «በይ አሁን ቦታሽን ያዢ። ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማኛል።»

ቦታዋን ያዘች። ለቀስተኛው እየገባ ጎንበስ አለላት፤ «እግዜር ያጽናሽ» አላት፤ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እትዬ ከፔርሙዝ ቡና እየቀዳች ዞረች። ውጭ ይዘንባል። መጋረጃ ሰፊዋ ከማንም ፊት በፊት የሚደርሳት ሽታቸው ነበር፦ የረጠበ ሱፍ፣ የጫማ ቀለም፣ ለለቅሶ ብቻ ከሳጥን የሚወጣ ጥቁር ልብስ ላይ የቀረ የብል መድኃኒት። ዓይን ይጨፈናል፤ አፍንጫ ግን ምን ክዳን አለው?

ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች ሹክሹክታ ጀመሩ። ሹክሹክታቸው ደግሞ ከጩኸት የሚተናነስ አልነበረም።

«ጉበቱ ነው አሉ።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ከዚያ አንሶላ ስር ያለውን እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሷንም አስለምዷታል ይባላል። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲቀዳዱ...»

«እሷን? ጭምቷን?»

«ጭምት ነው የሚፈራው!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የሷ ጆሮ ግን በዚያ ቀን ዘመድ ሆኖባት አንዲትም ቃል አላመለጠቻትም። ባሏ የሞተው በልቡ ነው፤ ለሥራ ሊወጣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር። ሰክሮም ያየው ሰው የለም። ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚቀዳዱት ነገር ግን እውነት ነው።

*

ባሏ መጠጥ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ቀማሽ ነበር። የትኛው ውስኪ እንዲገዛ፣ የትኛው በርሜል እንዲቀር የሚወስነው እሱ ነው። እንጀራው አፍንጫው ላይ ስለሆነ ስሙ ተረስቶ «አፍንጫው» ሆኖ ቀረ። «እሱ ጉንፋን ሲይዘው ድርጅቱን ያስነጥሰዋል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

እሷ ቤት ንብረቱን በመጠጥ የጨረሰ ሰው ልጅ ናት። ለጋብቻ ሲጠይቃት «ጠጪ አላገባም» አለችው ቁርጥ አድርጋ።

«እኔ እኮ የምጠጣ ሰው አይደለሁም፤ ቀምሼ የምተፋ ሰው ነኝ» አላት። ሳቀች። የሳቀች ለት አለቀላት።

ከተጋቡ በኋላ ባሉት ዓመታት የሱ ጠርሙስና የሷ መርፌ በየፊናቸው ኖሩ። በኋላ አንድ ክረምት ብርቱ ጉንፋን ጣለው። ተሽሎት በተነሣ ሰሞን ከሱቋ ስትመለስ ቤቱ ጭስ ብቻ ሆኖ ጠበቃት። ወጥ ቤት ሮጣ ገባች። ምድጃው ላይ የተጣደው ወተት አርሮ ድስቱ ጠቁሯል፤ ባሏ ከድስቱ አጠገብ፣ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ፣ ጋዜጣ ያነባል።

«ምን ነካህ? ቤቱ ሊቃጠል ነው እኮ!»

ዞሮ ድስቱን አየ፤ ከዚያ እሷን። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አይሸተኝም» አለ።

ሐኪሞቹ «ይመለሳል፣ ታገሥ» አሉት። ታገሠ፤ አልተመለሰም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በብርጭቆ ግርጌ ጥቂት ውስኪ ቀድቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«አሽቺልኝ።»

«እኔ? ምን ልበል? መጠጥ መጠጥ ነው የሚሸተኝ።»

«ሰው ሁሉ የሚለው ያንን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ንገሪኝ። አፍንጫሽን አትንከሪ፤ እንደማታውቂው ሰው ቤት ቁጠሪው፣ መጀመሪያ ደጁ ላይ ቁሚ። አፍሽን ገርበብ አድርጊ።»

ደጁ ላይ ቆመች። የአባቷ ሽታ እንዳይወጣባት እየፈራች ጠበቀች። አልወጣም። የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

«ሆስፒታል» አለች። «የቁስል ማሰሪያ። ደግሞ የተቃጠለ ገመድ።»

ባሏ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ገብሱ በረግረግ አፈር ጭስ የደረቀ ነዋ! ቀጥይ!»

እንዲህ ተጀመረ። በቆሎ የሚበዛበትን፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ በርሜል የተኛውን ውስኪ ለየች። «ቫኒላ፤ ሊያር ትንሽ የቀረው ስኳር። ይሄ ከአንገት በላይ እንደሚያቅፍ ዘመድ ነው» አለችና ጠላችው። የወይን ጠጅ በነበረበት አሮጌ በርሜል ውስጥ የከረመው ዘቢብና የመጽሐፍ ቆዳ ሸተታት። ጠብታ ውሃ ሲገባበት ዝግ ያለው እንደሚከፈት፣ አንዳንዱ ደግሞ ውሃ ሲነካው ተበትኖ እንደሚቀር ተማረች። ስትቀምስ የመጀመሪያውን ጉንጭ ምላሷን ለማስታጠብ ብቻ እንደምትይዘው፣ ሁለተኛውን ግን እንደምታዳምጠው አወቀች። ቃል ሲያጥራት ከሥራዋ ተበደረች። «ዝናብ የመታው የሱፍ ኮት በካውያ ሲተኮስ» አለች አንዴ፤ እሱ እስኪያነባ ሳቀ።

ለሱ ምላሱ ላይ የሚደርሰው ማቃጠሉ ብቻ ነበር። እሷ ስትናገር ዓይኑን ጨፍኖ ቃሏን ያላምጣል። ማታ ናሙናውን ከቢሮ ያመጣላታል፤ በነጋታው ሄዶ ያንኑ ቃል ይናገራል። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ አንድም ሰው አላወቀባቸውም። መጋረጃ ሰፊዋ መስኮት እየለካች በሰው ቤት ስትዞር የምትሰበስበው ሽታ ሁሉ ለሱ የሚወሰድ ወግ ሆነ። ከሱ በፊት ያን ያህል ያዳመጣት ሰው አልነበረም።

*

ባለድርጅቱ የመጡት ሰው ሳሳ ባለ ጊዜ ነው። ዱላ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። ተቀመጡ፤ ቡናውን ተቀበሉ፤ አንሶላውን አየት አደረጉ። ከዚያ ለተቀመጠው ሰው ስለ ሟቹ ማውራት ጀመሩ።

«አንድ ቀን ምን አለን መሰላችሁ? ሁላችንንም ያላግባባን ናሙና ነበር። አሸተተና ‹ዝናብ የመታው የሱፍ ኮት በካውያ ሲተኮስ› አለ። ሳቅንበት። ስናሸተው፣ እውነትም ኮቱ! ይህን ቃል ከየት ያመጣዋል እያልን እንደተደነቅን ኖርን።»

ሰዉ ፈገግ አለ። ሶፋው ላይ ያሉት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ከንፈር መጠጡ። መጋረጃ ሰፊዋ ጣቶቿን አየች። የገዛ ቃሏ በሌላ ሰው አፍ ገብቶ፣ ከባሏ ጋር አብሮ ሲለቀስለት ሰማች።

ሽማግሌው ውሃ ልጠጣ ብለው ወጥ ቤት ተከተሏት። ብርጭቆውን ተቀብለው ግን አልጠጡም።

«ልጄ፣ ቃሉ የአንቺ መሆኑን አውቃለሁ።»

ደነገጠች።

«ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነው የማውቀው። መጋዘን ውስጥ አይጥ ሞቶ ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ስንወጣ፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ ሳንድዊቹን ይበላ ነበር።»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው። ወዲያው እንባ ተከተለው።

«ታዲያ ለምን አላባረሩትም፣ ጋሼ?»

«ቃሉ ልክ ነበራ! ደግሞ እንደዚያ የሚያሸትለት ሰው ያለውን ሰው ማን ደፍሮ ያፈናቅላል?» ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «መጨረሻ የመረጠው ይህን ነው። ለእውነቱ ተራ ነገር ነው። ሁላችንም ይቅር አልን፤ ‹የተላገ ጣውላና ትኩስ ሙጫ አለበት፣ አይቀርም› ብሎ እንቢ አለ። እንዲያ ሲከራከር አይቼው አላውቅም። ወንበሩ አሁን ባዶ ነው፣ ልጄ። ሐዘንሽን ጨርሺና ነይ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ውስኪ አላውቅም። እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። የሚጠይቅ ከሌለ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ሽማግሌው ጠርሙሱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ይህን ያሸተተችለትን ቀን ታስታውሰዋለች። «የተላገ ጣውላ፤ ሙጫ ሲሞቅ» ስትለው «ድገሚልኝ» አለ። ደገመች። «እንደገና።» ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ምን ሆንክ ስትለው «ምንም» ብሎ ብርጭቆውን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያኔ አልገባትም፤ አሁንም አልገባትም።

*

ለቀስተኛው ባለቀ ማግስት እትዬ በጠዋት መጣች። ማንም ሳያዛት ወንበር ላይ ወጥታ አንሶላውን አወረደችው፤ አጣጠፈችው።

«በር ላይ ቆሜ ሽማግሌውን ሰምቻቸዋለሁ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «እውነት አይሸተውም ነበር?»

«አዎ።»

«ለእኔ ለእህቱ? እንዴት አይነግረኝም?»

«አፈረ፣ እትዬ። አንቺ ደግሞ ለጠርሙሱ ያለሽን ጥላቻ ያውቃል።»

እትዬ ቁጭ አለች። አንሶላውን ጭኗ ላይ አድርጋ እጥፋቱን በመዳፏ ዳሰሰች። «እስቲ እኔም ላሽት» አለች በመጨረሻ፣ ልክ መርፌ ልወጋ እንደሚል ሰው።

መጋረጃ ሰፊዋ ከትንሹ ጠርሙስ ጠብታ ያህል ቀዳችላት። «አትንከሪ። ደጁ ላይ ቁሚ። አፍሽን ገርበብ።»

እትዬ አሸተተች፤ አስነጠሳት፤ በመሀረቧ ተጠራርጋ መልሳ አሸተተች። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«የአባባ ሱቅ ነው» አለች፤ ድምጿ የልጅ ሆነ። «አባታችን አናጢ አልነበር? ሙጫውን በቆርቆሮ ያሞቀዋል። ወንድሜ ደግሞ ልጅ ሳለ ፍቅፋቂው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ከመላጊያው ስር። ፀጉሩ ውስጥ ፍቅፋቂ እየለቀምኩ ነው ያሳደግኩት። አባባ ሞቶ ሱቁ ሲሸጥ በዚያ መንገድ ሁለተኛ አላልፍም አለ። አላለፈምም። አልነገረሽም?»

«አባቴ አናጢ ነበር ነው ያለኝ። ሌላ ምንም።»

ስለ ሽታ ሁሉ የነገረችው ሰው ይህን አንዱን ለራሱ ይዞት ሄዷል። እሷ በሩን ከፈተችለት፤ እሱ ብቻውን ገባ። ደስ ይበላት ወይስ ይከፋት አላወቀችም። እትዬ ስታለቅስ ትከሻዋን አቀፈቻት።

እትዬ አልቅሳ ስታበቃ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሐዘኗን በሥራ የምትወጣ ሴት ናት። «አንቺ ጋደም በይ፤ ዛሬ የኔ ተራ ነው» አለቻት፤ ደግነቷ ከልቧ ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ የስንት ቀን እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ቤቱ ያበራል። ወለሉ ተወልውሏል። የአልጋው ልብስ ተቀይሯል። በረንዳው ላይ የባሏ ሸሚዞች ታጥበው፣ እጅጌያቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባሉ። መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል።

«ቤቱ ታፍኖ ነበር፤ ነፋስ ይግባበት» አለች እትዬ ኮቷን እየደረበች። ግንባሯን ሳመቻትና ወጣች።

መጋረጃ ሰፊዋ ወደ ሸሚዞቹ ሄደች። ሳሙና። ሌላ ምንም። ትራሱን አነሣች፤ እሱም ሳሙና። በእትዬ ልትቆጣ አልቻለችም፤ እሷ በምን ታውቃለች? ነፋሱ ከመንገዱ የመኪና ጭስና የረጠበ አስፋልት ይዞ ገባ፤ ወጣ፤ እንደገና ገባ። ከበሩ ጀርባ፣ ኮቱ ይሰቀልበት በነበረው ጥግ፣ ቀጭን ነገር ቀርቶ ነበር፦ የብርቱካን ልጣጭ፣ የአሮጌ ቆዳ፣ የአንገት ላብ። ደጁ ላይ ቆመች። አፏን ገርበብ አደረገች። ቃሉ መጣላት፤ የሚያዳምጣት ግን አልነበረም።

ቀስ ብላ የሳሎኑን መስኮት ዘጋች። የወጥ ቤቱን ዘጋች። የመኝታ ቤቱ መዝጊያ አርጅቶ በደንብ አይገጥምም፤ ብትገፋው ብትገፋው ስንጥቁ ነፋስ ያስገባል። ከስፌት መኪናዋ ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ አመጣች። ተንበረከከችና ስንጥቁን ከታች ጀምራ በአውራ ጣቷ ትጠቀጥቀው ጀመር።